ክሩ የወጣ ዕለት

ቋጠሮው የእሷ አልነበረም።

ዘውድነሽ ይህን ያስተዋለችው ከጥሊሊ ገበያ ተመልሳ፣ በከሰል የጠቆረ ልብሷን ቀይራ፣ ውኃ አሙቃ የአማቷን እግር ካጠበች በኋላ ነው። ድመቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ወተት አጠጥታታለች፤ ጀርባዋንም ደጋግማ ዳብሳታለች። እጇ ቋጠሮው ላይ እየተመላለሰ ዓይኗ ያየው ግን ዘግይቶ ነው። እሷ የድመቷን የጉሬዛን ቁስል የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ ስታስር ጎን ላይ አድርጋ፣ ደራርባ፣ ጥርሷን ነክሳ አጥብቃ ነው፤ የሚመጣውን ክፉ ሁሉ በአንድ ቁራጭ ጨርቅ ልታስቀር የምትፈልግ ሴት አስተሳሰር። ይሄኛው ጀርባ ላይ ነው። አንዲት ቀለበት ብቻ አለችው፤ ጫፉን ሳብ ቢያደርጉት ወዲያው ፍትት የሚል። በዚህ አገር እንዲህ የሚታሰር ፈረስ ነው። ድመትን እንዲህ የሚያስር ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር አታውቅም።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ዶክተር ደርበው መጥተው ነበር እንዴ?»

አማቷ እማማ በቀለች በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጠው የጋቢያቸውን ጫፍ ይቋጫሉ። «ማን?» አሉ። ጆሯቸው ደህና ነው፤ የሰሙትን እንዳልሰሙ የሚሆኑት ሆዳቸው ውስጥ ያደረ ነገር ሲኖር ነው።

«የዳንግላው ሐኪም።»

«እሱማ መጣ። ሄደ።»

«መቼ?»

«ቀትር ላይ፣ አንቺ ጥሊሊ ሳለሽ። ያዙልኝ አለኝ፣ ያዝኩለት። ክሩን በመቀስ እየቆረጠ መዘዘው። ትልሰዋለች፣ ለጥቂት ቀን ጨርቁ ይቆይ አለና አስሮላት ሄደ። አልጮኸችም፤ ጎበዝ ናት።»

ዘውድነሽ የጨርቁን ጫፍ ሳበች። ተፈታ። የጉሬዛ ሆድ ላይ በጥቁር ክር ተጠላልፎ የነበረው ቁስል ገጥሟል፤ ቀጭን፣ ቀላ ያለ መስመር ብቻ ቀርቷል፤ ዙሪያውን የተላጨው ጠጉር እንደ አዲስ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እብጠት የለም። ሽታ የለም። ይህን ቀን ለማየት ስንት ተስላ ነበር። አሁን ግን ያንን ጤነኛ ቆዳ እያየች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ደስታ እንዳይደለ የምታውቀው ራሷ ብቻ ናት።

*

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጉሬዛ ከከሰል መጋዘኑ ጣሪያ ላይ ስትዘል የቆርቆሮው ጠርዝ ሆዷን ተረተረው። ድመቷ የልጇ የቤዛዊት ናት፤ ቤዛዊት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ «እማዬ፣ አደራ» ብላ የተወቻት። ዘውድነሽ ደግሞ አደራ ሲባል እንቅልፍ የሚያጣት ሴት ናት። ጎረቤቷ ፋና «ዘውድነሽ ደመና ስታይ ጎርፉ ነው የሚታያት» ትላለች። ያን ዕለት ድመቷን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ደሙ በክንዷ እየወረደ፣ ከዳንግላ የመጣ ሐኪም ፈረስ ያክምበታል ወደተባለው ግቢ ሮጠች።

ፈረስ ይዘው ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሳቁባት።

«እትዬ፣ ኮርቻዋን የት ጣልሽው?» አለ አንዱ።

«ተዋት እባክህ» አለ ሌላው፣ «የአይጦች ጸሎት ሰምሮ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢሙን ሽበት የጀመረው፣ አርባውን አልፎ ሚስት ያላገባ ሰው ነበር። ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየና፣ «ድመት ሰፍቼ አላውቅም። ፈረስ ግን ሰፍቻለሁ» አላት። «ትንሽ ፈረስ ናት ብለን እንሞክር።»

ማደንዘዣ ወግቶ፣ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ሰፋት። ዘውድነሽ የድመቷን ራስ ይዛ ቆመች። ክሩ ሲገባና ሲወጣ ማየት ስላልቻለች እጁን አየች። ያንን እጅ ያየችበት ሰዓት ለኋላ ኑሮዋ ጠንቅ ሆነባት።

ከዚያ ወዲህ ቁስሉን ለማየት ይመጣል። ውኃ በጨው አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በንጹሕ ጨርቅ እየነከረች ማጠብን አስተማራት። እንዳትልሰው የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ አንገቷ ላይ አጠለቀላት፤ ጉሬዛ አውልቃ ስትጥለው ሆዷን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። «ከከሰሉ አርቂያት» አላት፤ «ብናኙ ቁስሉ ውስጥ ከገባ ያመግላል።» ከሰል የሚነግድ ቤት ድመትን ከከሰል ማራቅ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘውድነሽ የመጋዘኑን በር ስትዘጋ፣ ጆንያ ስታራግፍ፣ ወለል ስታጥብ ትውላለች። እሱ በሚመጣበት ዕለት ደግሞ ጥፍሯን በሎሚ ልጣጭ ትፈትጋለች።

«ለድመት ነው እንዲህ ጥፍር የሚፈተገው?» ትላታለች ፋና ከቀርከሃው አጥር ማዶ።

«ብናኝ እንዳይገባባት ነው።»

«እንዴታ። ድመቷም ብትሆን ደስ ይላታል።»

ፋና ትስቃለች። ዘውድነሽ ግን ወደ ቤት ስትገባ ሳቁ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ቤዛዊት ሩቅ ናት። ባሏ አድማሴ ከሰል ጭኖ እንደወጣ መንገድ ላይ ሞቶ የቀረ ነው። እማማ በቀለች በአዊኛ ለራሳቸው እያወሩ ያንጎላጃሉ። አንድ ሐኪም ቦርሳውን ይዞ የሚገባባት ያቺ ሰዓት ብቻ ነበረች ቤቱን ቤት የምታስመስለው።

ባለፈው ሲመጣ፣ ቁስሉን አይቶ ሲጨርስ፣ ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከታት። «ከእንግዲህ የምመጣው አንዴ ብቻ ነው» አላት። «ክሩን ላወጣ።»

እሷም «ተመስገን» አለች።

ለድመቷ ነበር። ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው፤ ክፉ ስትጠብቅ የኖረች ሰው መልካም ስትሰማ የምትለው ሌላ የላትም። እሱ ግን ዓይኑን ሰበረ፣ ቦርሳውን ዘጋ፣ ደህና ሁኚ ብሎ ወጣ። ምን እንዳለች የገባት ሚኒባሱ ከሄደ በኋላ ነው። ልትደውልለት ስልኩን አነሳች፤ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሳች። ከዚያ ኔትወርክ ጠፋ፤ ጠፍቶም ሰነበተ። ለፈሪ ሰው እንዲህ ያለ ምክንያት እንደ እረፍት ነው፤ እረፍቱ ግን ማታ ማታ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ያድራል።

*

«ሌላ ምንም አላሉም?» አለች ጨርቁን መልሳ እያሰረች።

እማማ በቀለች የጋቢያቸውን ክር ቋጩ። «ዘውድነሽ የለችም ወይ አለኝ።»

«ምን አሉት?»

ከደጅ የባጃጅ ድምፅ አለፈ።

«እማማ፣ ምን አሉት?»

«መምጣትህን አውቃ ነው የወጣችው አልኩት።»

«እኔ መቼ አወቅሁ?»

«አላወቅሽም» አሉ አሮጊቷ ቀና ሳይሉ።

ዘውድነሽ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀላት ነበር። ድመቷን አንስታ እማማ በቀለች ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ ጫማዋን አጠለቀች።

«የት ልትሄጂ ነው? ሊመሽ ነው እኮ።»

«መናኸሪያ።»

«ከቀትር የሄደ ሰው መናኸሪያ ይጠብቅሻል?»

የሚጠብቃት አልመሰላትም። ቢሆንም ወጣች።

ባጃጁ ውስጥ ሆና ክፉ ክፉውን ማሰብ ጀመረች። ሄዷል። ከሄደ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይደርስበታል። ካልሄደ ደግሞ ፊቱን ያዞርባታል። ፊቱን ካላዞረባት የባሰ ነው፤ ያን ጊዜ ምን ትለዋለች? ጉም ከዛፎቹ ላይ ወርዶ አስፋልቱን ይዞት ነበር።

«እናቴ፣ ምነው እንዲህ ተጣደፍሽ?» አለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያት። «ሰው ታሟል?»

«ድመት» አለች።

«እ?»

«ድናለች። ንዳ ግን።»

ሾፌሩ ነዳጅ ሰጠ።

መናኸሪያው ጭር ብሏል። አንድ ሚኒባስ ብቻ በሩ ተከፍቶ ቆሟል። ተራ አስከባሪው እየተንጎራደደ «ዳንግላ፣ የመጨረሻ» ይላል፤ ድምፁ ደክሟል።

«ወንድሜ፣ አንድ ረጅም ሰው፣ ቡናማ ቦርሳ የያዘ፣ ቀትር ላይ ተሳፍሮ ሄዷል?»

«የከብት ሐኪሙን ነው? ምን ተሳፈረ ትዪኛለሽ» አለ ተራ አስከባሪው፣ የታመቀ ብሶቱን የሚያወጣበት ሰው እንዳገኘ ሁሉ። «መኪና በሞላ ቁጥር ይነሳል፣ በሩ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ወንበሩን ለሌላ ይለቅቃል። ሲነሳ ሲቀመጥብኝ ዋለ። ያው፣ ግድግዳው ሥር።»

ዞር ስትል አየችው። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ጉልበቱ ላይ፣ ሁለት እጁ ቦርሳው ላይ። ገና ሲያያት ተነሳ።

«ደማች?» አለ።

«አልደማችም።»

«አበጠ?»

«አላበጠም። ድናለች።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

«ለምን ሳልኖር መጡ?» አለችው።

«ገበያ እንደምትወጪ አውቄ ነው» አለ መሬት እያየ። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ። ሥራዬን ሠርቼ ልሄድ። ባለፈው የቀረው አንድ ቀን ነው ስልሽ ተመስገን አልሽ። ዛሬ ደግሞ እናታችን ሆን ብላ ነው የወጣችው አሉኝ። ሰው ስንት ጊዜ ይነገረዋል?»

«መምጣትዎን አላወቅሁም ነበር፤ ተመስገን ያልኩትም ለድመቷ ነው።»

«አሁን የመጣሽውም ለድመቷ ነው?»

ተራ አስከባሪው ጥሪውን አቁሟል። ዘውድነሽ ፎጣዋን ወደ አገጯ ሳበች። ብትመለስ ማንም አይወቅሳትም፤ ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ እንደ ትናንቱ ትኖራለች። ያ ነገ ፊቷ ላይ ተደቅኖ ታያት፤ ደመና አይደለም፣ ጎርፍ አይደለም፤ ምንም የሌለበት ሜዳ ነው። ከክፉ ሁሉ እንዲህ ያለ ክፉ አስባ አታውቅም ነበር።

«ወደ ቤትዎ በተመለሱ ቁጥር ዳንግላ ዘነበ ወይ እያልኩ ስደውል ምን ይመስልዎት ነበር?» አለች።

«ለከሰልሽ የተጨነቅሽ ይመስለኝ ነበር። ጭነቱ እንዳይርስብሽ።» ቀና ብሎ አያትና፣ «አንዳንድ ቀን ሳይዘንብም ዘንቧል እልሽ ነበር። ወሬው እንዳያልቅብኝ።»

«አድማሴ የቀረው በዚህ መንገድ ነው» አለች። «ይሄን ያህል ጉም ነበር። ማታ እራት ከድኜ ስጠብቀው ነው ሰዎቹ የመጡ። ስለ ዝናብ ግድ የለኝም፤ ደርሰሃል ወይ ማለት አቅቶኝ ነው። ድምፅህን እስክሰማ ደጄ ላይ ነበር የምቆም።»

አንተ ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው። አልመለሰችውም። እሱም ሰምቷል፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል፣ ያ ሁሉ ጎልማሳ።

«ዘውድነሽ፣ ከእኔ ጋ ዳንግላ ነይ።»

«እማማስ?»

«አብረውን ይምጡ።»

«የልጃቸውን ቤት ለቀው አይሄዱም። እኔም ጥያቸው አልሄድም።»

«እንግዲያው እኔ ልምጣ።» ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የፈረሰኛ ልጅ ነኝ። ሚስቱ ቤት የገባ ይሉኛል፤ ሠርግ ቤት ይዘፍኑብኛል። ይዝፈኑ።»

«እኔ ግባም ልምጣም አላልኩ። ሽማግሌ ላክ።»

«ወዴት? አባትሽ የሉ፣ እናትሽ የሉ።»

«እማማ ጋ።»

በዚህ አገር ሽማግሌ ወደ አባት ይላካል፣ ወደ ወንድም ይላካል፣ አጎት ካለም ወደ አጎት። የሟች እናት ደጅ ቆሞ የልጅዎን ሚስት ስጡን ያለ ሽማግሌ ማንም ሰምቶ አያውቅም።

«እሳቸው ጋ?» አለ ደርበው። «ከቤት ያባረሩኝ እሳቸው እኮ ናቸው።»

«ለዚህ ነው። ሌላ የሚሰጠኝ የለኝም። እሺ ካሉ የት እንደምንኖርም እሳቸው ይቁረጡት። እምቢ ካሉ እቀራለሁ። ተሰርቄ አልወጣም።»

«እምቢ እንደሚሉ እያወቅሽ?»

«ክፉውን ማሰብ ለእኔ ተወው፤ ለምጄዋለሁ። አንተ ሽማግሌ ፈልግ። እሁድ።»

ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ። ተራ አስከባሪው «ዶክተር፣ ይቺንም ወንበር ለሰው ከሰጡ እኔ ቤት ነው የሚያድሩ» አለ። ደርበው ሚኒባሱ በር ላይ ደርሶ ዞረ።

«ኔትወርክ የለም። ስደርስ ልደውልልሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት ታድሪያለሽ?»

«እንደ ሚስት ነዋ» አለች።

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። እጁን አላወዛወዘም፤ ዓይኑን ብቻ ከእሷ አላነሳም። መኪናው ጉሙ ውስጥ ሲገባ የኋላ መብራቱ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ዘውድነሽ ከዚያም በኋላ ቆመች። ሰው አለኝ ባለች በዚያች ሰዓት ከመቼውም ይልቅ ብቻዋን ሆነች።

*

እማማ በቀለች ከተወቻቸው ቦታ አልተነሱም። ድመቷ ጭናቸው ላይ ናት። ጨርቁ ወልቆ ወድቋል፤ የአሮጊቷ መዳፍ ጠባሳው ላይ ተከድኗል።

«ፈታችው» አሉ። «ልትልሰው ስትል እጄን እያስላስኳት ነው የቆየሁ። ምላሷ ሞረድ ነው።»

ዘውድነሽ እጃቸውን አንስታ አየች። ቆዳቸው ቀልቷል። ቀስ ብላ የድመቷን ሆድ በጨርቁ ጠቀለለች፤ አሮጊቷ ጫፉን ያዙላት። ሁለቱም አጎንብሰው ሥራውን ጨረሱ።

«አገኘሽው?» አሉ እማማ በቀለች።

«አገኘሁት።»

«ልትሄጂ ነው።»

«እሁድ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ወዴት?»

«ወደ እርስዎ።»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። እንደ እንግዳ ሰው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እኔ ጋ ምን ሊል?»

«ስጡን ሊል። ሌላ ማን አለኝ?»

የእማማ በቀለች ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ መጀመሪያ በአዊኛ፣ ለራሳቸው፣ ቀጥሎ ጮክ ብለው። «አድማሴን ሲወስድብኝ እግዜር ሽማግሌ አልላከብኝም» አሉ። «ማንም ልውሰድ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ሬሳውን አምጥተው ደጄ ላይ አስቀመጡልኝ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«ቀትር ላይ ያን ያልኩት ብቻዬን እንዳልቀር ነው። ውሸት ነው። ያንን ሰው ፊቱ ሲጠቁር አይቼዋለሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ።» ድመቷን ዳበሱ። «እምቢ ብልስ?»

«እቀራለሁ።»

«ታዝኚብኛለሽ?»

ዘውድነሽ ልትዋሽ ፈልጋ ነበር። ለአሮጊት ሰው የሚነገር ደግ ውሸት አይጠፋም። «አዝናለሁ» አለች። «አዝኜ እቀራለሁ።»

እማማ በቀለች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልለየም። ውጭ ጨልሟል። ጉሙ በበሩ ክፍተት እየገባ ምድጃው ድረስ ይደርሳል። ዘውድነሽ እንደ ሁልጊዜው ልትዘጋ ስትነሳ አማቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን አምጪው።»

«እኔ እቆልፈዋለሁ፣ ይረፉ።»

«አምጪው ብዬሻለሁ።»

ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ድመቷን መደቡ ላይ አስተኝተው፣ ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ልትደግፋቸው ስትጠጋ በክርናቸው ገፋ አደረጓት። በሩ ጋ ደርሰው ወደ ጨለማው አዩ፤ ማንን እንደሚያዩ ዘውድነሽ አልጠየቀችም። አድማሴ ከሞተ ወዲህ ያንን በር በእጃቸው ነክተውት አያውቁም።

«እሁድ ሲመጡ እንዳትከፍቺ» አሉ ጀርባቸውን ሰጥተዋት። «የምትጠየቅ ሴት በር አትከፍትም። ሰጪዋ ናት የምትከፍት።»

ከዚያ በሩን ገጠሙ፤ ቁልፉን በሁለት እጃቸው እስከ መጨረሻው አዞሩት።